የጉማራ መንገደኞች፦ የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት የት ይሄዳል?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወረታ የደረሰ መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር ከታጠፈ የጉማራን ድልድይ፣ ወደ ጎንደር ከታጠፈ ደግሞ የርብን ድልድይ ይሻገራል። በነሐሴ ወር ከሁለቱም ድልድዮች ሥር የሚታየው ግንድ የሚያንከባልል ድፍርስ ጎርፍ ነው። በዚህ ጎርፍ ውስጥ ሽቅብ የሚጓዝ ፍጡር አለ ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ግን አለ። በየክረምቱ የጣና ነጭ ዓሦች ሐይቁን ትተው በእነዚህ ወንዞች ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ።

ስለ ወንዝ ወጪ ዓሦች ሲወራ በውጭው ዓለም ቶሎ ስማቸው የሚነሳው ሳልሞንና ሻድ ናቸው። ሻድ ዕድሜውን በባሕር ጨርሶ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚገባ የአውሮፓና የአሜሪካ ዓሣ ነው፤ ባንግላዴሾች ብሔራዊ ዓሣቸው ያደረጉት ኢሊሽም የዚያው ዘመድ ነው። የእኛዎቹ ባሕር የላቸውም። ጣና ባሕራቸው፣ ጉማራና ርብ ወንዞቻቸው ናቸው። ከሐይቁ በታች 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ ስለሚያግድ፣ በጣና ያለው ዘር ለብቻው ተዘግቶ ኖሯል።

ይህ መዘጋት ያመጣው ውጤት ሳይንቲስቶችን አስገርሟል። ዓሣ አስጋሪው በጥቅሉ "ነጭ ዓሣ" የሚለው አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቂቶቹን ለይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ በ1990ዎቹ የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሥራውን ሲቀጥሉ ላቤዮባርበስ የሚባሉት 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ቤተሰባቸው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ የሚያላምጠው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነውና፣ ጥርስ የሌለው አዳኝ ማለት ነው። ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ስናስታውስ ደግሞ ይህ ሁሉ ልዩነት የተፈጠረው በተፈጥሮ ሚዛን በአጭር ጊዜ ነው።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ዝናቡ ሲጠና፣ ከሐምሌ ጀምሮ ዓሦቹ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ወንዙ ሲሞላ ይገባሉ። ቢያንስ ሰባት ዝርያዎች በጉማራ እንደሚወጡ ተረጋግጧል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይገቡም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃሉ። የሚገርመው እንቁላላቸውን በድፍርሱ ዋና ወንዝ አለመጣላቸው ነው። እሱ መንገድ ብቻ ነው። የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ሽቅብ ከወጡ በኋላ ወደ ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ይታጠፋሉ፤ ውኃው ጥርት ያለና ፈጣን፣ ወለሉም ጠጠር የሆነበትን ቦታ ይፈልጋሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይወድቃል፤ የሚፈሰው ውኃ ኦክስጅን ያቀርብለታል። በጠጠሩ ላይ ደለል ከተኛበት ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በፋርጣ ገደል ላይ ያለ እርከን የሌለው ማሳ ሲሸረሸር ጉዳቱ የገበሬው ብቻ አይደለም።

ወላጆቹ ጥለው ይመለሳሉ። ጫጩቶቹ ግን ወዲያው አይከተሏቸውም፤ በወንዙ ጥግና በኩሬዎች ውስጥ እየተመገቡ ያድጋሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት። እዚህ ላይ ከቀረሶ (ቲላፒያ) ጋር ያለው ልዩነት ይታያል። ቀረሶ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል፤ ቶሎም ይተካል። ነጭ ዓሣ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሲራባም በታወቀ ወቅት፣ በታወቀ መንገድ፣ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ነው። ለሚያጠምደው ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ለዘመናት በጣና ላይ የነበረው የወይጦዎች ማስገር በደንገል ታንኳ፣ ለቤትና ለቅርብ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ መረቡም በክረምት በወንዞቹ አፍ ላይ መዘርጋት ጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ክትትል በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በንግድ መረብ የሚገኘው ነጭ ዓሣ በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛው! ተመራማሪዎቹ የወንዞቹ አፍ በመራቢያው ወቅት ይዘጋ ሲሉ ደጋግመው መክረዋል።

ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ብርብራ አለ። የዛፉ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል። በልጅነቴ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ ወንዞች ይህን አይቻለሁ፤ ትልቁ ተለቅሞ ሲወሰድ ጣት የምታክለው ጫጩት ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ትሄዳለች፤ የሚያነሳት የለም። መረብ ቢያንስ ትንሹን በቀዳዳው ያሳልፋል፤ ብርብራ አይመርጥም። ባሕላዊ ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም የሚል ክርክር አይዋጥልኝም።

በበጋ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ይመጣል፤ የፎገራ ሽንኩርት የሚጠጣው ከጉማራና ከርብ ነው። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን ጫጩቶቹ የቀሩባቸው ኩሬዎች ሲደርቁ የክረምቱ ድካም ሁሉ አብሮ ይደርቃል። በርብ ላይ ደግሞ ከሜዳው በላይ ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ይህን ያህል ግድግዳ ዘሎ የሚያልፍ ዓሣ የለም። አሜሪካኖች በሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 የኮኖዊንጎን ግድብ ገንብተው የሻድን መንገድ ከዘጉ በኋላ ዓሣውን በአሳንሰር የሚያወጣ መሣሪያ ገጥመዋል፤ የዓሣው ቁጥር ግን ወደ ጥንቱ አልተመለሰም።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ስለ ባለቤቱ ልጠይቅ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ የያዘ ሰው ባለሀብቱ ይሆናል ይላል። ዓሣ እስኪያዝ የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የነገን ዓሣ መረብ ሳይነካ የሚያሳልፍ ሰው ለጎረቤቱ ሰጠ ማለት ነው። ይህን ለማረም ነው የሕዝብ ሕግ የሚያስፈልገው። የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ክልሉም የራሱን አስከተለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራሉ ሕግ በሚለው መሠረት እንዲያስተዳድሩ ሲያደርግ፣ በአንቀጽ 51 ደግሞ ድንበር ተሻጋሪ ውኃዎችን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንድ ነጭ ዓሣ በአንድ ክረምት የማስገር፣ የመስኖ፣ የአፈር ጥበቃና የግድብ ጉዳይ ይሆናል፤ ፋይሉ ግን በየቢሮው ለየብቻ ነው የሚከፈተው።

የወንዞቹን አፍ መዝጋት ቀላል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ መረቡን እንዲሰበስብ የታዘዘ አስጋሪ "ልጆቼ ምን ይብሉ?" ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ባንግላዴሾች ኢሊሽ እንቁላል በሚጥልበት በመከር ወራት ማስገርን ለ22 ቀናት ይከለክላሉ፤ ለአስጋሪ ቤተሰቦችም ሩዝ ያከፋፍላሉ። በጉማራና በርብ አፍ ዙሪያ ባለው የፎገራ ሜዳ የሚበቅለውም ሩዝ ነው።