ያውቁ ኖሯል? ዋጊኖስ ቻይና ውስጥ ዘመድ አለው

ከደብረ ታቦር የተነሳ የካንሰር ታማሚ ኬሞ ለመውሰድ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ፌስታሉ ውስጥ ለሐኪሙ የማይታይ ነገር ይኖራል፦ የተወቀጠ ሥር፣ በብልቃጥ የተቀዳ ጭማቂ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር። የዛሬው ዓምድ ስለዚያ ፌስታል ነው።

ያውቁ ኖሯል? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ክፉኛ በተቅማጥ ታሞ ነበር። የሀገሬው ሰው ያሳየውን የዋጊኖስ ሥር ልጣጭ ተጠቅሞ እንደዳነ ጽፏል። ተክሉ ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ይባላል። ስሙን የተከለበት እንግዳው ነው፤ ያሳየው ሰው አይደለም!

ዋጊኖስ ቻይና ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለው። ብሩሲያ ጃቫኒካ ይሉታል፣ ቻይናዎቹ ደግሞ ያ ዳን ዚ። የፍሬው ዘይት ተጣርቶ፣ ተመጥኖ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል፤ በቻይና ሆስፒታሎች በተለይ ለሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ከኬሞው ጋር እንጂ በኬሞው ፋንታ አይደለም። ይጠቅማል የሚሉት ጥናቶች አብዛኞቹ እዚያው የተሠሩና ትንንሽ ናቸው፤ ጥራታቸውም ያከራክራል።

የእኛውስ? እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። ምርምሩ ተክሉ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና እንደሚውል ይጠቅሳል። ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ እያልን የምናቃልለው ሰው እውቀት በዓለም የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ወጣ ማለት ነው። ብሩሲያንቲን የአይጦችን የደም ካንሰር ድል ነሣ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን አስመለሰ፣ የደም ግፊት አወረደ፣ ዕጢውንም አላኮማተረ። ሙከራው ቆመ። ዋጊኖስን በቤት ወቅጦ ከኬሞ ጎን የሚጠጣ ታማሚ ቢያስመልሰው፣ ጥፋቱ የኬሞው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ ያለው አጣጥ ነው፤ ያ በየአጥሩ ጥግ የምናየው እሾሃም። ያው ኩፕቻን እ.ኤ.አ. በ1972 ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ብርቱ ንጥረ ነገር ማግኘቱን አሳወቀ። ምን ያህል አገኘ? ከአንድ ኪሎ ተክል 0.2 ሚሊግራም ገደማ። በእኛ ስፍር አንድ ሙሉ ኩንታል ቢፈጭ 20 ሚሊግራም ነው፤ በጣት ጫፍ ተነሥቶ የሚያልቅ። እሱም ለሰው ሲሰጥ መርዝነቱ በረታ፣ ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ተመራማሪዎች የዚያን ንጥረ ነገር ዝርያ የጡት ካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት፤ መርዙ ደም ውስጥ ከመበተን ይልቅ ሴሉ ደጃፍ ድረስ ተሸኘ። ካድሳይላ የተባለው ይህ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በአጣጥ ሻይና በካድሳይላ መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው፣ አጣጥ አይጠጡ!

መርዝ ካነሣን አይቀር፦ በሰሜን ቻይና ሃርቢን ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አርሰኒክ ያለበትን የባህል መድኃኒት መርምረው ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር እንደሚሠራ አረጋገጡ። ዛሬ አርሰኒክ ትራይኦክሳይድ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ የዚያ በሽታ ዋና ሕክምና ነው። ለሌሎቹ ካንሰሮች ግን አይደለም።

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተምስ? ፎገራ ላይ ወባ ይዞት የዋጠ ሁሉ የቻይና ባህል መድኃኒት ልጅን ውጧል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ መነሻውን ያገኘችው ከ1,600 ዓመት በፊት ከተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸለመችበት። የመድኃኒቱ መነሻ የሆነው ተክል የአሪቲና የጭቁኝ ወገን ነው።

ያውቁ ኖሯል? የቻይናን መርፌ፣ አኩፓንክቸርን፣ ለማየት ቤጂንግ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ኬሞ የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ እንደሚረዳ ተስማምተዋል። የሚወጋው ቦታ በክንድ ውስጠኛ ገጽ፣ ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ዕጢውን ያጠፋል ያለ ግን የለም። በኬሞ ምክንያት የደም ፕሌትሌት የወረደበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያስፈቅድ ለመርፌ አይቀመጥ።

ዝንጅብልም ተፈትኗል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት 576 ታማሚዎች ከተለመደው የማስመለስ መከላከያ ጋር የዝንጅብል ወይም አምሳያ ባዶ ክኒን ወሰዱ፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ዝንጅብል የወሰዱት ማቅለሽለሹ በይበልጥ ቀነሰላቸው። ግማሽ ግራም የሻይ ማንኪያ ሩብ ቢሆን ነው። መጠኑን ማብዛት የተሻለ አላደረገም፤ «ካልበዛ አይሠራም» ለሚሉ እናቶች ይነገርልኝ።

አሜጃን ጉና ተራራ ላይ ያየ ቢጫ አበባውን አይረሳውም። የአውሮፓ ዘመዱ ለድብርት ይጠጣል። ይህን ዘመዱን ኢሪኖቴካን ከተባለው ኬሞ ጋር የወሰዱ ታማሚዎች ደም ሲመረመር፣ የሚሠራው የመድኃኒቱ ክፍል በ42 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርገው ነው። ታማሚው ምንም አይሰማውም፤ ኬሞው ብቻ ሳይታወቅ ይሳሳል። (የተጠናው ዘመዱ ነው እንጂ አሜጃ ራሱ አይደለም።) ኢሪኖቴካንም ቢሆን መነሻው የቻይና ዛፍ ነው፤ ዓለም ጠባብ ናት።

የስም መመሳሰል ነገርስ? በቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴቶች ለመክሳት የቻይና ዕፅ ዋጡ። ፋንግጂ የሚባል ስም ሁለት ተክል ይጠራበት ኖሮ የተሳሳተው ገባ። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ በኋላም ከፊሎቹን የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ሩቅ መስሎ እንዳይታይዎ፦ ዋጊኖስን አንዳንድ ቦታ አባሎ ይሉታል፤ በዚያው ስም ሌላ ዛፍም ይጠራል።

የመድኃኒት ዛፎቹ እራሳቸው የት አሉ? ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ቆጥረው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ አግኝተዋል። ዙሪያው እርሻ ሆኗል።

ጠበልስ? የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ካንሰር ላይ የሚጨመር አንድ ነገር ቢኖር፣ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን በሚያወርድባቸው ቀናት ያልፈላ ውሃ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። «ምን እየወሰዱ ነው?» ሲባሉ «ምንም» አይበሉ። የተክሉን ስም ካላወቁት ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ይግቡና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።