እንጀራና ጣፋጭ በመቀነስ ውፍረትን ስለ ማጕደል

ውፍረት በአገራችን ለብዙ ዘመን የጥጋብና የደኅና ኑሮ ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። የከሳውን ሰው «ምነው፣ ታመህ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ የወፈረውን ግን «ተስማምቶሃል» እንላለን። ዛሬ በተለይ በከተሞች፣ ተቀምጦ መሥራትና በመኪና መሄድ በበዛበት ስፍራ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከልክ ካለፈ ውፍረት ጋር እየተያያዙ እንደሚመጡ ብዙ ሰው ተረድቶታል። ስለዚህም «እንጀራና ዳቦ ተው፤ ትከሳለህ» የሚል ምክር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ የተነገረ ነው። ቀሪውን ግማሽ በዚህ ወር ልናስረዳ ወደድን።

ነገሩ ትናንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በለንደን ከተማ የሬሳ ሣጥን ሠሪና የቀብር ሥርዓት አሰናጅ የነበረ ዊልያም ባንቲንግ የተባለ ሰው፣ በ66 ዓመቱ ክብደቱ 92 ኪሎ ያህል ደርሶ፣ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር እንኳ ተስኖት ነበር። ጆሮው ስለ ደከመ ወደ ሐኪሙ ወደ ዊልያም ሃርቪ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ዳቦን፣ ስኳርን፣ ድንችንና ቢራን እንዲተው አዘዘው። ባንቲንግም በአንድ ዓመት ገደማ 21 ኪሎ ያህል ቀንሶ፣ የደረሰበትን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1863 በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። በስዊድን ቋንቋ ምግብ ቀንሶ መክሳት እስከ ዛሬ በዚሁ ሰው ስም «ባንታ» ይባላል። (ሰውዬው ወይን ጠጁን አልተወም ነበር፤ በዚህ እንዲመስሉት አንመክርም።) በኋላም አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ መንገድ በዓለም ሁሉ አስፋፋው።

አሁን ወደ ሰውነታችን አሠራር እንግባ። እህል፣ ድንች፣ ስኳርና ማር በብዛት የያዙት ካርቦሃይድሬት የሚባለውን ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ይህ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ አብዛኛው ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊንም ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች ያስገባዋል። ከዕለት ፍላጎት የተረፈው ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበት 100 ግራም፣ በጡንቻዎች ደግሞ 400 ግራም ያህል ይከማቻል፤ ከዚያ ያለፈው ወደ ስብ ይለወጣል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ሰው እህልን በድንገት ሲቀንስ አስቀድሞ የሚያልቀው ይህ ጎተራ ነው፤ ጎተራውም ሲራቆት ውኃው አብሮ በሽንት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ወርዶ ቢገኝ፣ የወረደው በአብዛኛው ውኃ እንጂ ስብ አለመሆኑን ይወቁ። አንድ የሠርግ ምሳ ሊመልሰው ይችላል።

ጎተራው ሲጐድል ሰውነት ስብን አብዝቶ ማንደድ ይጀምራል፤ ጉበትም ከስቡ ኪቶን የተባለ ነገር ያበጃል። በዚህ ጊዜ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና የአፍ ጠረን መለወጥ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የመክሳቱ ዋና ምክንያት ከዚህ የቀለለ ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣና ቅጠላ ቅጠል ቶሎ ያጠግባሉ፤ የጠገበ ሰውም በጠቅላላው ጥቂት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፣ ከ609 ሰዎች እኩሌቶቹ ካርቦሃይድሬትን፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ቅባትን ቀንሰው አንድ ዓመት ቆዩ። የፊተኞቹ በአማካይ 6 ኪሎ፣ የኋለኞቹ 5.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እንግዲህ ይህ መንገድ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

በውጭ አገር የተማርንባቸው የምግብ ዝርዝሮች ስለ ድንችና ስለ ዳቦ እንጂ ስለ መሶብ አይናገሩም። እኛ ግን ከመሶቡ መነሣት አለብን። ከ100 ግራም የጤፍ እህል 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስለዚህ እንጀራን ሳይቀንሱ ይህን መንገድ መከተል አይቻልም። ሆኖም ጤፍ ብረትና አሠር ያለው እህል ነውና በእርሱ ከመጀመር በፊት የሚቀድም አለ። በሻይ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ኬክ ይቅደሙ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዟል። ቀጥሎ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው በግማሽ ይቀነስ፤ በምትኩ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ እንቁላልና አይብ ይጨመር። ቆሎን ከምግብ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከቡና ጋር በጭብጥ በጭብጥ የተበላ ገብስ ያው ገብስ ነው። ጠላና ጠጅም እንዲሁ ይቆጠራሉ።

ለሚጾም ሰው ጉዳዩ ይከብዳል፤ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሉምና። ምስርና ሽሮም ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ነገር ግን ገንቢ ምግብና አሠር አብረው ስለ ያዙ ቀስ ብለው ይፈጫሉ። በጾም ወራት ወጡን አብዝቶ እንጀራውን ማሳነስ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨነቅ አያሻም።

እህልን ትቶ ወደ ቁርጥና ጥሬ ክትፎ መዞር ግን ሌላ መዘዝ አለው። ኮሶ የሚገባው ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው፤ ሥጋው ይብሰል። ቅቤም ቢሆን እንዳሻ አይጨመር፤ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲኖረው 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው 4 ነው፤ የቅቤ ብዛትም ለልብ ሥሮች ጎጂ የሆነውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል።

ከሁሉ አብልጠን የምናሳስበው የስኳር በሽተኞችን ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው፣ የመድኃኒቱ ልክ የተወሰነለት በሚበላው መጠን ነው። እንጀራውን በድንገት ትቶ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ቢወስድ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ ራሱንም ስቶ ሊሞት ይችላል። ይህን ያየ ቤተ ሰብ፣ በሽተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ፈጥኖ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ይስጠው፤ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ሳያደርግ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሰው። በሌላ በኩል «እህል ትቻለሁና መርፌ አያስፈልገኝም» ብሎ በራሱ ፈቃድ ኢንሱሊን የሚያቋርጥም ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ልክ ያስተካክልለታል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆችና የኩላሊት ሕመምተኞችም ይህን መንገድ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምሩት። ምግቡን ሳይቀንስ የሚከሳ ሰው ደግሞ በክሳቱ ደስ ሊለው አይገባም፤ ሳንባውንና ደሙን ያስመርምር።

ሚዛን የሚያገኝ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት ቁርስ ሳይበላ ይመዘን፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ መልካም ነው። ሚዛን የሌለው ወገቡን በክር ይለካ፤ በክሩም ላይ በየወሩ ቋጠሮ ያድርግበት። የቀረው ችግር ጉርሻ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል፣ እንቢ ማለት በገበታ ላይ ቅያሜ ያመጣል። ለዚህ ያገኘነው ዘዴ፣ የቤቱ እመቤት ነገሩን አስቀድማ እንድታውቅ ማድረግና ለዚያ ሰው ጉርሻውን ከጎመንና ከሥጋ አብዝታ፣ በጣት በምታህል እንጀራ ጠቅልላ እንድታጎርሰው ነው።