የቡጋንዳ ዙፋንና የመሬቱ ውል

የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ቡጋንዳ ሲደርስ ዙፋኑ አልተገለበጠም። በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በዚህ መንግሥት ካባካ የሚባለው ንጉሥ፣ ሉኪኮ የተሰኘው ጉባኤና ሹማምንቱ በቦታቸው ቀሩ። በዚህም የተነሳ ቡጋንዳ ክብሯን አስጠብቃ ተዋዋለች የሚሉ ብዙ ናቸው። ዙፋኑ የቆመበትን መሬት ለመረመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ካባካው ሹመትን ከነመሬቱ ይሰጣል፤ ሲሽርም ሁለቱንም ይነጥቃል። በእኛ አገር ቢሆን ጉልት እንጂ ርስት አይባልም። ከዚህ ጎን አባቶች የተቀበሩበትና የጎሳ አለቆች የሚጠብቁት መሬት ነበር። ገበሬውም ሹሙ ሲከፋበት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ሹም ይሄዳል። የሹም ኃይሉ የሰው ብዛት ነበርና ሰው እንዳይሸሸው ሲል መጠንቀቅ ነበረበት። ድሃው በሹሙ ላይ የነበረው ጉልበት ይህ ነበር።

ይህ ሚዛን የተናጋው የ1900ው ውል ከእንግሊዞች ጋር ከመፈረሙ በፊት ነው። ከ1877 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በተከታታይ ገቡ፤ ቤተ መንግሥቱም በሃይማኖት ወገን ተከፈለ። በ1892 በመዲናዋ መንጎ ላይ ወገኖቹ ሲዋጉ የእንግሊዙ መኮንን ካፒቴን ሉጋርድ በማክሲም መትረየሱ ለፕሮቴስታንቶቹ አገዘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ገባ። ካባካ ምዋንጋ በ1897 ሸፍቶ ተዋጋ፤ በ1899 ተይዞ ወደ ሲሼልስ ተጋዘ። በምትኩ የነገሠው ልጁ ዳውዲ ቿ ገና ሕፃን ነበር። ሥልጣኑ በሦስት እንደራሴዎች እጅ ወደቀ፤ ዋነኛው ጠቅላይ ሚኒስትሩ አፖሎ ካግዋ ነበር።

በ1899 መጨረሻ የእንግሊዝ ልዩ ኮሚሽነር ሰር ሃሪ ጆንስተን የአስተዳደሩ ወጪ ከአገሩ በሚሰበሰብ ግብር እንዲሸፈን ሊያደርግ ሲመጣ ያገኘው እነዚህን ሹማምንት ነው። እነሱም የፈለጉትን ያውቁ ነበር። በ1900 መጋቢት ወር ላይ በተፈረመው ውል የቡጋንዳ ስፋት 19,600 ስኩዌር ማይል ተብሎ ተገመተ። ከዚህ 8,000ው ለአንድ ሺህ ያህል ሹማምንትና ባለመሬቶች የግል ንብረት ሆኖ ተመደበ፤ 350ው ለካባካው ተሰጠ። ጠፍ የተባለው 9,000ና ደኑ ለእንግሊዝ ዘውድ ሆነ። በየጎጆው በዓመት ሦስት ሩፒ ግብር ተጣለ።

ለውጡ በስፋቱ ልክ ብቻ አይለካም። ሹሙ ቢሻርም መሬቱ የእሱና የልጆቹ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ካባካው ይዞት የነበረው ልጓም ተበጠሰ። የብዙ ጎሳ አለቆች የአባቶቻቸው መቃብር በሌላ ሰው ርስት ውስጥ ዋለ። ገበሬው ደግሞ በተወለደበት ቀዬ ጭሰኛ ሆነ፤ ቢሰደድም የሚጠብቀው ሌላ ባለርስት ነው። ጥጥ ለገበያ መመረት ሲጀምር ባለርስቶቹ ከምርቱ ድርሻ መጠየቅ ጀመሩ። በ1920ዎቹ የጎሳ አለቆች እንቅስቃሴ ተቃውሞውን አደባባይ አወጣው፤ የ1928ቱ ሕግም ኪራዩን ገደበ፤ ጭሰኛውን ያለ አግባብ ማፈናቀልን ከለከለ። ባለቤትነቱን ግን አልነካም።

ሹማምንቱን ከሃዲ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ጎደሎ ይሆናል። የአገሩ ወገኖች ለዓመታት ተዋግተዋል፤ የተሸነፈ ሹመቱን ከነመሬቱ ሲነጠቅ አይተዋል። የማይነጠቅ ይዞታ መፈለጋቸው ከዚያ ፍርሃት የመነጨ ነው። እንግሊዞች ይህን ፍላጎት በፊርማ አጸኑት፤ በምላሹም ከሥርዓቱ ጥቅም ያለው ገዥ መደብ አገኙ። ዋጋውን የከፈለው በውሉ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ያልነበረው ገበሬ ነው።

ቡጋንዳ ከዚያም ብዙ አይታለች። ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ በ1953 በእንግሊዞች ተግዞ በ1955 ተመለሰ፤ ነፃነት ከመጣ በኋላ በ1966 የኡጋንዳው መሪ የኦቦቴ ጦር ቤተ መንግሥቱን ሲያጠቃ ዳግም ተሰደደ። በቀጣዩ ዓመት ዘውዱ ተሻረ፤ በ1993 ተመለሰ። ማይሎ የሚባለው የ1900ው ይዞታ ግን ይህን ሁሉ አልፎ በ1995ቱ የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት እውቅና አግኝቷል። በባለርስቱና በጭሰኛው መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። የአፍሪካ ነገሥታት ከቅኝ ገዢዎች ጋር ያደረጉትን ውል ስንመዝን መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን አክሊሉ ተረፈ ወይ ብለን ሳይሆን፣ በውሉ ማግስት ገበሬው በሹሙ ላይ ምን መብት ቀረው ብለን ነው።