«የፊቶቹን ብቻ አንጡልኝ»፦ ስለ ጥርስ ውበት የሚባለውና እውነታው

የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲቃረብ ወይም ሠርግ ሲደገስ በወላይታ ሶዶ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወጣት ጥያቄው አጭር ነው፦ «ዶክተር፣ የፊቶቹን ብቻ አንጡልኝ።» ሐኪሙ በትንሿ መስታወት ሲያይ ግን የኋላው መንጋጋ ተቦርቡሮ ምግብ ይዟል፣ ድዱም ገና ሲነካ ይደማል።

«ነጭ ጥርስ ጤነኛ ነው» ይባላል። አይደለም። ጤነኛ ጥርስ በተፈጥሮው ትንሽ ቢጫ ይላል፤ ነጭ ጥርስም ከውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ማንጫው ኬሚካል በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ከገባ ነርቩን ይቆጠቁጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ድዱ ይታከማል፣ ማንጣቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ጥርሱ የበለዘ ሰው ጥርሱን አይፍቅም» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ያለጥፋታቸው የሚያሸማቅቃቸው ብዙ ናቸውና። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለችው ሶዶ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርዱ ስምጥ ሸለቆ ይጀምራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የበለጠውን ለዓመታት የጠጣ ሕፃን፣ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ ይጎዳል፤ ሲወጣም ነጭ መስመር ወይም ቡናማ ነቁጥ ይዞ ይወጣል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ይህን በለዝ አመድ አያስለቅቀውም፤ ሎሚም ሽፋኑን ይበላዋል እንጂ አያነጣውም። ሐኪም ላዩን በስሱ ሊልጠው ወይም የጥርስ ቀለም ባለው ነገር ሊያለብሰው ይችላል። ቋሚ ጥርሳቸው ገና ላልወጣ ታናናሾቹ የሚበጀው ግን የሚጠጡትን ውሃ መቀየር ነው። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነው።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚሉም አሉ። ጥርሱን ያነቃነቀው ድዱንና አጥንቱን የበላው በሽታ ነው፤ የተጋገረው ቆሻሻ ሲነሳ መነቃነቁ ይታወቃል።

ፍንጭት ለማውጣት ጥርስን ማስሞረድ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን አንዴ ከሄደ አያድግም። ድድ መነቀስም ቢሆን፣ መርፌው የጋራ ከሆነ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ጥቁረቱም የድድ ሕመምን መቅላት ይደብቃል።

እየሳቁ አፍን በእጅ መሸፈን ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጥርሴ ይመርልኝ ማለት ቅንጦት አይደለም፣ ሐኪምም ሊንቀው አይገባም። እርስዎም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ በልጅነትዎ የት አካባቢ እንዳደጉና ምን ውሃ ይጠጡ እንደነበር ይንገሩት፤ «ከማንጣቱ በፊት መታከም ያለበት አለ ወይ?» ብለውም ይጠይቁት።