ሜክሲኳውያን ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን

የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከምትኖር እህታችን ከደረሰን ደብዳቤ የተነሳ ነው። እህታችን በሆቴል ጽዳት ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ሴቶች ናቸው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ዘርግተው የሟች ዘመዶቻቸውን ፎቶ ይደረድራሉ፤ ሻማ ያበራሉ፤ ዳቦና ውኃ ያስቀምጣሉ። «የቅርብ ጓደኛዬ እናቷ በ2020 በኮሮና ሞታባት ለቀብሯ እንኳ መሄድ አልቻለችም። ፎቶዋ ፊት ቆማ ስታለቅስ ዝም ብዬ ማለፉ ከበደኝ፤ አጠገቧ መቆሙ ደግሞ ሺርክ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ይህ ነገር ሃሎዊን የሚሉት ነው ወይ?» ስትል ትጠይቃለች። ስለዚህችው ጓደኛዋ ወንድም ያነሳችው ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንወቀው። ሃሎዊን አይደለም። ቀናቸው ቢቀራረብም ሌላ በዓል ነው። ሜክሲኳውያን «ዲያ ደ ሎስ ሙዌርቶስ» ይሉታል፤ የሙታን ቀን ማለት ነው። የሚውለው ኖቬምበር 1 እና 2፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 እና 23 ገደማ ሲሆን የመጀመሪያው ቀን በሕፃንነታቸው ለሞቱ፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ነው።

የቤቱን ጠረጴዛ «ኦፍሬንዳ» ይሉታል። በላዩ የሟች ፎቶ፣ ጨው፣ ሟቹ በሕይወት ሳለ ይወደው የነበረ ምግብ፣ ለዚሁ ቀን የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦ ይቀመጣል። ውኃው ከሩቅ መንገድ ለሚመጣው ሟች ጥም ነው ይላሉ። ሰምፓሱቺል የሚባለውን ብርቱካናማ አበባ ይበትናሉ፤ በቀለሙና በሽታው መንገድ ያሳያል ብለው ነው። ኮፓል የሚሉትን ሙጫም ያጤሳሉ። ይህ ሙጫ የሚገኝበት ዛፍ ከእኛ የእጣን ዛፍ ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። እጣን የሚጤስበት ቤት ያደገ ሰው ሽታው ባዳ አይሆንበትም።

ከየት መጣ ለሚለው ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ስፓኞች የሜክሲካዎችን ዋና ከተማ በ1521 ከመያዛቸው በፊት የአገሬው ሰዎች ለሞቱ ሕፃናት አንድ፣ ለአዋቂዎች ሌላ በዓል ነበራቸው። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ደግሞ በእነዚያው ሁለት የኖቬምበር ቀናት ቅዱሳንንና ሙታንን ታስባለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዲየጎ ዱራን የተባለ ስፓኛዊ መነኩሴ ሕዝቡ አሮጌውን በዓል በአዲሱ ስም እያከበረ ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ጽፏል። ሆኖም የስንዴው ዳቦና ስኳሩ ከስፓኞች ጋር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ወንዞች የተቀላቀሉበት ነው ማለት ይቻላል።

በቴሌቪዥን የምናየው ትልቁ የሜክሲኮ ከተማ ሰልፍ ግን ጥንታዊ አይደለም። በ2015 የወጣ የጄምስ ቦንድ ፊልም እንዲህ ያለ ሰልፍ ፈጥሮ አሳየ፤ ከተማዋም በ2016 እውነተኛውን ጀመረች። ፊልሙ ቀድሞ ልማዱ ተከተለ! ባርኔጣ የደፋችው የአጽም ሴትዮም ብትሆን አመጣጧ ሌላ ነው። በ1913 የሞተው ሠዓሊ ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የሣላት አገሬነታቸውን ደብቀው አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጥሩትን ሊያሾፍባቸው ነበር።

ለሕዝቡ ዋናው ነገር ቤቱና መቃብሩ ነው። በፓትስኳሮ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በሃኒትስዮ ደሴት ቤተሰቦች መቃብሩን አጽድተው በአበባ አልብሰው ሌሊቱን በሻማ ብርሃን ተቀምጠው ያነጋሉ። በ2020 በወረርሽኙ ሳቢያ በብዙ ቦታ መቃብር ስፍራዎች ተዘጉ። መንግሥትም ከኦክቶበር 31 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የእህታችን ጓደኛ እናቷን ያጣችው በዚያ ዓመት ነው። መቃብሩን ማጽዳት ላልቻለች ልጅ የቀራት ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። በእኛ እምነት ሟች በበርዘኽ ነው፤ ለእራት አይመለስም፤ ከእኛ የሚጠቅመው ዱዓእና ሶደቃ እንጂ በፊቱ የሚቀመጥ ዳቦ አይደለም። በመሆኑም እህቴ ሻማ አታብሪ፣ ጠረጴዛው ላይም ምንም አታስቀምጪ፣ ከላዩ የተነሳውንም ምግብ ይቅርብሽ። ሐዘንተኛን ማጽናናት ግን ሌላ ነገር ነው። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነስተው መቆማቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ከጠረጴዛው ፈንጠር ብለሽ አስቀምጫትና «እናትሽ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?» በያት። የሜክሲኮ ሰው በዚያን ቀን ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ቀኑ የተሠራው ለዚሁ ወሬ ነውና።

የቀረው የወንድሟ ነገር ነው። ጓደኛዋ ከዓመታት በፊት ወደ ሰሜን ሲጓዝ ደብዛው የጠፋ ታናሽ ወንድም አላት። የእሱን ፎቶ ግን ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጥም። እህታችን «ረስታው ነውን?» ትላለች። አይደለም። በሜክሲኮ በመንግሥት መዝገብ የጠፉ ተብለው የሰፈሩት ሰዎች በ2022 ከ100,000 አልፈዋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ፎቶውን እዚያ ማስቀመጥ ሞቷል ብሎ ማመን ይሆንብናል ይላሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፊቅህ ኪታቦች «መፍቁድ» የሚባል ራሱን የቻለ ርዕስ አለ። ወሬው የጠፋ ሰው መሞቱ እስኪረጋገጥ ወይም ቃዲ እስኪበይን ንብረቱ አይከፋፈልም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ባሏ ለጠፋባት ሴት አራት ዓመት እንድትጠብቅ መፍረዳቸው ተዘግቧል። ልጃቸው በየመን ወይም በሊቢያ በኩል ወጥቶ ስልኩ የተቋረጠባቸው እናቶች ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት እንደሆነ ይጠይቁኛል። ጠይቀውኝ ሲያበቁ ደግሞ ብዙዎቹ «ትንሽ እንቆይ» ብለው ይሄዳሉ።

ስለዚህ እህቴ፣ ጓደኛሽን «ወንድምሽ ሞተ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት። «ወሬው ተሰማ ወይ?» በያት።