ቡችላው ጀርመን ገባ፤ እናቲቱስ?

ጀርመን ወይም እንግሊዝ የሚኖር ሰው ውሻ ማሳደግ ፈልጎ ኢንተርኔት ቢከፍት፣ የሩማኒያ ውሾች ፎቶግራፍ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ዕድሜው፣ ጠባዩ፣ ከልጆችና ከድመት ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ከሥሩም የሚከፈለው ገንዘብ ተጽፏል። የተመረጠው ውሻ ከሌሎች ጋር በመኪና ተጭኖ ብዙ አገር አቋርጦ ይመጣል። ይህ ሁሉ ውሻ ከየት መጣ? ወደ ውጭ መላኩስ የመንገዱን ችግር ያቃልለዋል?

ነገሩ የጀመረው ከቤት መፍረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሩማኒያው የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት የዋና ከተማዋን የቡካሬስትን ነባር ሰፈሮች አፍርሶ ነዋሪውን ወደ ፎቅ ቤቶች አዛወረ። ግቢ የነበረው ሰው ውሻም ነበረው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ለግቢ ጠባቂ ውሻ ቦታ አልተገኘም። ውሾቹ መንገድ ላይ ቀሩ፤ እዚያው ተዋለዱ። ከፈረሰ ሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ያለ አስረጂ ይገባዋል።

ቀጥሎ የተሞከረው መግደል ነው። በ2001 ትራያን ባሴስኩ የከተማዋ ከንቲባ ሳሉ ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። ፈረንሳዊቷ የፊልም ተዋናይ ብሪጂት ባርዶ ቡካሬስት ድረስ ሄዳ ተቃወመች፤ ውሾቹን ለማምከን የሚውል ገንዘብ ለመስጠትም ተስማማች። ግድያው ግን ቀጠለ፤ እስከ 2007 ድረስ ከ140 ሺህ በላይ ውሾች መገደላቸው ተዘግቧል። በ2013 የከተማዋ ባለቤት አልባ ውሾች አሁንም ወደ 60 ሺህ ይገመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አንድ የአራት ዓመት ሕፃን በውሾች ተነክሶ ሞተ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሊቆጣም ይገባው ነበር። የአገሪቱ ምክር ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕግ አወጣ፤ ተይዞ በ14 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚወስደው ያጣ ውሻ ሊገደል ይችላል። ዛሬ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ከሚጓዙት ብዙዎቹ ከዚህ ቀነ ገደብ ያመለጡ ናቸው።

ያ ሁሉ ግድያ ቁጥሩን ለምን አልቀነሰውም? የመንገድ ውሻ ብዛት የሚወሰነው በሚያገኘው ምግብና በሚጣሉት ቡችሎች ነው። ውሾቹ ከአንድ ሰፈር ሲጠፉ የቆሻሻ ገንዳውና የሥጋ ቤቱ አጥንት እዚያው ይቀራል። የተረፈችው ሴት ውሻ ከበፊቱ የተሻለ ስለምትበላ ከቡችሎቿ ብዙዎቹ ያድጋሉ፤ ከጎረቤት ሰፈርም ሌሎች ይመጣሉ። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልትወልድ ትችላለች። በዚህ ላይ ባለቤት ያላቸው የገጠር ውሾች የሚወልዷቸው ቡችሎች በካርቶን ተደርገው መንገድ ዳር ይጣላሉ። ገዳዩ የቱንም ያህል ቢፈጥን አይደርስባቸውም።

የማምከኑ ሥራ ይህን ነው ከምንጩ የሚያደርቀው። ውሻዋ በመረብ ወይም ምግብ በተቀመጠበት የወጥመድ ሳጥን ትያዛለች፤ ከማታው ጀምሮ ምግብ ይከለከላል። ማደንዘዣ ትወጋና ሆዷ ይላጫል። ሐኪሙ ከእምብርቷ በታች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀዶ እንቁልጢዎቿንና ማህፀኗን ያወጣል። የሚሰፋው በራሱ በሚሟሟ ክር ነው፤ የመንገድ ውሻን ክር ለማውጣት ብሎ ዳግመኛ መያዝ ዘበት ነውና። ሳትነቃ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች፤ በሌላ ቀን በከንቱ እንዳትያዝም ጆሮዋ ላይ ምልክት ይደረግላታል። ወንዱን ማኮላሸት በሬና ሙክት ለሚያውቅ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀላልና ርካሽም ነው። ነገር ግን ካልተኮላሹት አንዱ ብቻ ቢቀር ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያው ለሴቶቹ ነው።

ብዙ ሰው የማይዋጥለት፣ የመከነችውን ውሻ እዚያው ሰፈሯ መመለሱ ነው። እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። የተከተበችና የማትወልድ ውሻ ቦታዋን ይዛ ትኖራለች፣ ለማታውቀው ውሻም በቀላሉ አትለቅም፤ የሚጠበቅ ቡችላ ስለሌላትም አላፊ አግዳሚውን የምትነክስበት አንድ ትልቅ ምክንያት ይወገዳል። ቡታን በዚህ መንገድ ከ2009 ጀምሮ ከ150 ሺህ በላይ ውሾችን አምክናና ከትባ፣ በ2023 የመንገድ ውሾቿን ሁሉ ማምከኗን አስታወቀች። የፈጀው 14 ዓመት ነው። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያመከኑ መተው ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያልመከኑት ወልደው ቁጥሩን ይመልሱታል። በሩማኒያ የ2013ቱ ሕግ ውሻን ወደ መንገድ መመለስን ስላስቀረ፣ የበጎ አድራጊዎች ሥራ በአብዛኛው ባለቤት ያላቸውን የገጠር ውሾች በነፃ ማምከን ሆኗል።

ወደ ውጭ መላክስ? ለውሻው ሕይወት ነው፤ መጠለያውንም ይደግፋል። በፒቴሽቲ ከተማ አቅራቢያ ያለው የስሜውራ መጠለያ ቀድሞ ለፀጉራቸው ሲባል ቀበሮዎች የሚረቡበት ቦታ ነበር፤ ከ2001 ጀምሮ የጀርመን በጎ አድራጊዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ያኖሩበታል። አንድ ውሻ ጀርመን ሲገባ ለሌላው ቦታ ይለቀቃል። የመንገዱን ቁጥር የሚቀንሰው ግን ጉዞው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ቆንጆ ቡችሎችን ብቻ የሚያቀርብ፣ ስለ እናቶቻቸው ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ላኪ ካጋጠማችሁ ራቁት፤ በምሕረት ስም ቡችላ እያራባ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል።

ለመውሰድ የቆረጠ ሰው ማወቅ ያለበት አለ። ውሻው ማይክሮቺፕና ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ከ12 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ሲሆን ከዚያ በኋላ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ስለዚህ ከ15 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከሩማኒያ ወደ ጀርመንም ሆነ ወደ እንግሊዝ በሕጋዊ መንገድ አይገባም። ብሩሴላ ካኒስ የሚባለውን ተሕዋስ ምርመራ ከጉዞው በፊት ጠይቁ። ፅንስ ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ሊተላለፍ ይችላል፣ አንዴ ከያዘም ፈጽሞ ላይለቅ ይችላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 ወዲህ የታየው በአብዛኛው ከሩማኒያ ከመጡ ውሾች ጋር ተያይዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የማምለጫ ቀናት ናቸው። ደረጃ ወጥቶ፣ ቤት ውስጥ ተኝቶ የማያውቅ ውሻ የበር መዝጊያ ድምፅ ያስበረግገዋል። ስለዚህ በአንገቱም በደረቱም ማሰሪያ፣ በሁለት ገመድ ይያዝ።

ከኢትዮጵያ ውሻ ለመውሰድ የሚያስብ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ መንገዱ ከዚህ እንደሚረዝም ይወቅ። ኢትዮጵያ በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዝርዝር የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ከእነዚህ አገሮች የመጣና በውጭ አገር የተከተበ ከሆነ የሚገባው ማዕከሉ ባጸደቃቸው የእንስሳት ማቆያዎች ባሉባቸው ጥቂት አውሮፕላን ጣቢያዎች ብቻ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይመረመራል፤ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ደሙ ከተቀዳ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ለአንድ ውሻ ይህን ሁሉ ወጪ ከመጀመር በፊት፣ ያው ገንዘብ በዚያው ሰፈር ስንት ሴት ውሻ እንደሚያመክንና እንደሚያስከትብ አዲስ አበባ ያለን አንድ የእንስሳት ሐኪም ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።