አንድ መንደር ታሪኩን እንዴት እንደሚጠብቅና እንዴት እንደሚያርም

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)

ታሪክ የተባለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የታላላቅ ጦርነቶች ድልና ሽንፈት፣ የመንግሥታት ውል ነው። ነገር ግን የአንድ አገር ታሪክ መሠረቱ በየመንደሩና በየወረዳው የተፈጸመው ነገር ነው። ይህን የመንደር ታሪክ የሚጠብቀው ማን ነው? ለሕዝብስ የሚያስተምረው ማን ነው? ሲጠበቅ የኖረው ነገር ጉድለት ያለበት ሆኖ ቢገኝ የሚያርመው ማን ነው? ዛሬ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ጥቂት ቃል እናቀርባለን። ለማስረጃም በሰሜን አሜሪካ፤ በማሳቹሴትስ ግዛት፤ በኮነቲከት ወንዝ ሸለቆ የምትገኘውን ዲርፊልድ የተባለች ትንሽ ከተማ እንወስዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የታሪክ ማኅበር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአሜሪካ የታሪክ ማኅበር የሚባለው ብዙውን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ወረዳ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው፣ ገንዘብ አዋጥተውና ደንብ አውጥተው የሚያቋቁሙት ጉባኤ ነው። ከእንዲህ ያሉት ማኅበሮች የመጀመሪያው በ1791 በቦስተን ከተማ የተቋቋመው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ነው። የማኅበሮቹ ሥራ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የጥንት ዕቃዎችንና ጽሑፎችን መሰብሰብ፤ ሁለተኛው የተሰበሰበውን ከእሳት፣ ከብልና ከሌባ መጠበቅ፤ ሦስተኛው በንግግር፣ በኤግዚቢሽንና በመጽሐፍ ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ዕቃ የሰበሰበ ሰው ዕቃውን ብቻ ይዟል፤ ለሕዝብ የሚናገር ግን የነገሩን ፍርድ ጭምር ተሸክሟል።

ዲርፊልድ ዛሬ ባለችበት ስፍራ አስቀድሞ ይኖሩ የነበሩት ፖከምተክ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። መሬቱ ለም ስለ ሆነ በቆሎ ይዘሩበት ነበር። በ1660ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ቅኝ አገር አስተዳደር ዴድሃም ለተባለችው ከተማ ሰዎች በዚህ ስፍራ 8,000 ኤከር መሬት ሰጠ፤ ይህም በእኛ ልማድ ቢሰላ 80 ጋሻ ያህል ይሆናል። የተሰጠበትም ምክንያት ናቲክ ለተባለችው የክርስቲያን ነባር ሕዝቦች መንደር ከዴድሃም መሬት ስለ ተወሰደ ለዚያ ካሣ እንዲሆን ነው። እንግዲህ የአንዱን ነባር ሕዝብ መኖሪያ ለማደላደል የሌላው ነባር ሕዝብ መሬት ተሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የዴድሃም ሰዎች መሬቱን በውል መግዛት ጀመሩ። በ1667 ቻውክ የተባለው የፖከምተክ አለቃ የፈረመው የሽያጭ ውል አንድ የሚያስደንቅ ቃል አለበት፤ ይኸውም ሻጩ በመሬቱ ላይ ዓሣ የማጥመድ፣ አጋዘን የማደንና የዱር ፍሬ የመልቀም መብቱን እንደ ያዘ መቅረቱ ነው። ይህን ቃል አስተውሎ ያነበበ ሰው ሻጩ አገሩን ጨርሶ ለቅቆ ለመሄድ እንዳላሰበ ይረዳል። ገዢዎቹ ግን ውሉን የተረዱት በሌላ መንገድ ነበር። በኋላ ለመጣው ደም መፋሰስ አንዱ ሥር የተተከለው በዚህ ነው።

በ1675 በነባር ሕዝቦችና በሰፋሪዎች መካከል ታላቅ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት በመስከረም 18 ቀን ከዲርፊልድ እህል ጭነው ይጓዙ የነበሩት ሰፋሪዎች በመንገድ ላይ ድንገት ተከበው ከ60 የሚበልጡት አለቁ፤ መንደሩም ባዶ ቀረ። በሚከተለው ዓመት በግንቦት 19 ቀን ንጋት ላይ ደግሞ ዊሊያም ተርነር የተባለው ሻምበል 150 ያህል ሰዎች አስከትሎ ከዲርፊልድ በስተ ሰሜን፤ በፏፏቴው አጠገብ፤ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን የነባር ሕዝቦች ሰፈር መታ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በፏፏቴው ዳር የተቈረቈረው ከተማ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ሻምበል ስም ነው።

መንደሩ እንደ ገና ከተሠራ በኋላ በ1702 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ጦርነት ገጠሙ። በካናዳ የነበሩት ፈረንሳዮችና ከእነርሱ ጋር የተባበሩት አቤናኪ፣ ሞሆክና ዌንዳት የተባሉት ነባር ሕዝቦች ኤርቴል ደ ሩቪል በተባለው የፈረንሳይ መኰንን መሪነት በክረምት በረዶ እየተጓዙ መጥተው በ1704 ሌሊቱ ሳይነጋ ዲርፊልድን ወረሩ። በረዶው በአጥሩ ላይ ተቈልሎ ስለ ነበረ ወታደሮቹ እንደ ድልድይ ተሻገሩበት። 50 ያህል የመንደሩ ሰዎች ሞቱ፤ 112 ተማረኩ። ምርኮኞቹም 500 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው እየተነዱ ወደ ካናዳ ተወሰዱ፤ ደካሞቹ በመንገድ ላይ ተገደሉ።

በዚህ ላይ ሁለት የዘመን አቈጣጠር ለምናውቀው ለእኛ የማይከብድ አንድ ነገር አለ። ወረራው በእንግሊዞች መዝገብ የካቲት 29 ቀን ተብሎ ሲጻፍ በፈረንሳዮች መዝገብ ግን መጋቢት 11 ቀን ተብሎ ተጽፏል፤ እንግሊዞች በዚያ ጊዜ አሮጌውን የዩልዮስን አቈጣጠር ገና አልተዉም ነበርና። በእኛ አቈጣጠር ቀኑ መጋቢት 4 ቀን 1696 ዓመተ ምሕረት ነው። እንግዲህ አንዲቱ ሌሊት በሦስት መዝገብ ሦስት ስም ያላት ከሆነች፤ በሌሊቲቱ የተደረገውን ነገር የሚናገሩት ሰዎች ቃል ቢለያይ አያስደንቅም።

ከወረራው ከተረፉት ቤቶች አንዱ የጆን ሼልደን ቤት ነበር። ወራሪዎቹ በሩን በመጥረቢያ ፈልጠው ያበጁት ቀዳዳ ሳይጠገን ኖረ። በ1847 ቤቱን ከመፍረስ ለማዳን የመንደሩ ሰዎች ገንዘብ ለማዋጣት ሞከሩ፤ ነገር ግን አልተሳካላቸውምና በ1848 ቤቱ ፈረሰ። በሩ ብቻ ተረፈ። ሰዎቹም በዚህ ጸጸት ተምረው በ1870 ጆርጅ ሼልደን በተባለው የዚያው ቤተ ሰብ ተወላጅ መሪነት የፖከምተክ ሸለቆ መታሰቢያ ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1798 ለትምህርት ቤት ተሠርቶ የነበረውን ሕንፃ ወስዶ በ1880 ለሕዝብ የተከፈተ ቤተ መዘክር አደረገው። ያ የተፈለጠ በር ዛሬም በዚያ ይታያል።

ማኅበሩ ዕቃ በማስቀመጥ ብቻ አልተወሰነም። በየዓመቱ በክረምት ጉባኤ፤ በበጋ ደግሞ በሸለቆው ከተሞች እየተዘዋወረ የሜዳ ስብሰባ ያደርግ ነበር። አባሎቹ ከመዝገብ መርምረው የጻፉትን በሕዝብ ፊት ያነባሉ፤ የተነበበውም ታትሞ በጥራዝ ይወጣል። ሼልደንም የዲርፊልድን ታሪክ በሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ጽፎ በ1895 እና በ1896 አሳተመ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ነገር ግን ጉድለት ነበረበት። ማኅበሩ ለሞቱትና ለተማረኩት መታሰቢያ በቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ጽላቶች ሲያቆም ነባር ሕዝቦችን አውሬ በሚያሰኝ የንቀት ቃል አስቀርጾ ነበር። ጽላቶቹ የመንደሩን ሙታን ይቈጥራሉ፤ በ1676 በፏፏቴው አጠገብ ያለቁትን ግን አያነሡም። ከዚህም በላይ ታሪኩ ሲነገር ነባሮቹ ሕዝቦች ፈጽመው የጠፉ ሆነው ይነገር ነበር። አልጠፉም። በ1837 ከዲርፊልድ ምርኮኛ እንወለዳለን የሚሉ የአቤናኪ ሰዎች ከካናዳ መጥተው በመንደሩ አጠገብ ሰፍረው ነበር። ማኅበሩ ከመቋቋሙ 33 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ያች ምርኮኛ የመንደሩ ቄስ የጆን ዊሊያምስ ልጅ ዩኒስ ናት። በተማረከች ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ በጉዞው ላይ ተገደለች። አባቷ በ1706 ተለቅቆ ተመለሰ፤ ስለ ምርኮውም መጽሐፍ ጻፈ። ዩኒስ ግን ካናዋኬ በተባለው የሞሆኮች መንደር በልጅነት ተወስዳ አደገች፤ የእንግሊዝ ቋንቋዋን ረሳች፤ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለች፤ በ1713 አሮሴን የተባለውን የዚያን አገር ሰው አገባች። አባቷ ሄዶ ቢለምናት አልመለስም አለች። በኋላ ግን ከ1740 ጀምሮ ባልዋን ይዛ ወንድሞቿን ጥቂት ጊዜ ጠይቃለች። በ1785 በ89 ዓመቷ በካናዋኬ ሞተች። ይህች ሴት ለአባቷ የጠፋች ልጅ ናት፤ ለካናዋኬ ሰዎች ደግሞ እናትና አያት ናት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚናገር ታሪክ ግን ጐደሎ ነው።

ከግድግዳው ላይ የቀሩ ሌሎችም ነበሩ። በቄሱ ቤት ባሪያዎች ሆነው ይኖሩ የነበሩ ፍራንክና ፓርቴና የተባሉ ጥቍር ባልና ሚስት ነበሩ። ፓርቴና በወረራው ሌሊት ተገደለች፤ ፍራንክም በጉዞው ላይ ተገደለ። ከዚያ በኋላም በልጅነቷ ከአፍሪካ ተወስዳ የተሸጠች ሉሲ ቴሪ የተባለች ሴት በዲርፊልድ በባርነት ኖራለች። በ1746 በመንደሩ ሜዳ ላይ ስለ ተደረገው ሌላ ወረራ የገጠመችው ግጥም በቃል ሲነገር ኖሮ በ1855 ታተመ፤ ከአፍሪካ በተገኙ አሜሪካውያን ከተደረሱት ከሚታወቁት ግጥሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በ1756 ነጻ ሰው አግብታ በኋላ ወደ ቨርሞንት ሄደች፤ በ1821 ሞተች። ሼልደን ራሱ በ1893 በዲርፊልድ ስለ ነበረው ባርነት ጽፏል። ስለዚህ ጐድሎ የነበረው መዝገቡ አልነበረም፤ መዝገቡን አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት የማቆም ፈቃድ ነው።

ማኅበሩ ይህን ጉድለት ያረመበት መንገድ ሊጠና ይገባዋል። የቀድሞውን ጽላት በመሮ አልፋቀውም፤ የቀድሞው ዘመን አስተያየት ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነውና። ነገር ግን አዲስ የማብራሪያ ቃል አኖረለት። የወረራው 300ኛ ዓመት በታሰበበት በ2004 ደግሞ ከነባር ሕዝቦች ሊቃውንትና ከታሪክ ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ ያንኑ ሌሊት በአምስት ወገኖች ዓይን፤ በእንግሊዞች፣ በፈረንሳዮች፣ በአቤናኪዎች፣ በሞሆኮችና በዌንዳቶች ዓይን፤ የሚያሳይ ትረካ በኢንተርኔት ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በግንቦት 19 ቀን ፏፏቴው የሚገኝበት የሞንታግዩ ከተማ አስተዳደርና የናራጋንሴት ነባር ሕዝብ ሻምበል ተርነር ስለ መታው ሰፈር የዕርቅ ሥነ ሥርዓት ፈጸሙ። በየትምህርት ቤቱ ለሚመጡ ልጆችም በሩን ሲያሳዩአቸው «ማን ፈለጠው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለምን ከሩቅ አገር መጣ?» የሚለውም አብሮ ሊጠየቅ ቻለ።

ምናልባት «ይህ የአባቶችን ስም ማጕደፍ አይሆንምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አሳቡ ሊናቅ አይገባውም፤ በሐዘን የተሠራ መታሰቢያ ክብር ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ነገሩን ቢመለከቱት የተቀነሰ ሙት የለም። 112ቱ ምርኮኞች ዛሬም 112 ናቸው፤ የቄሱም ሐዘን ሐዘን ነው። የተጨመረው የሌላው ወገን ሙትና የሌላው ወገን ምክንያት ነው። አንድ ዳኛ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ የታሪክ ማኅበርም ተከሳሹን ጠርቶ ሊሰማ ይገባዋል፤ በዲርፊልድ ግን ተከሳሹ እስኪጠራ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

ክቡር አንባቢ፤ ይህን ነገር ለእርስዎ ያቀረብነው ስለ ሩቅ አገር ለማውራት ብቻ አይደለም። እርስዎ በሥራ ላይ ሆነው በየቀኑ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ውል ይመዘግባሉ፤ ፋይል ይከፍታሉ፤ ፋይል ይዘጋሉ። የቻውክ መብት ዛሬ የሚታወቀው በ1667 ውሉን የጻፈው ሰው ሻጩ የተናገረውን ቃል ሳይቈርጥ ስለ መዘገበው ነው። በዚያ ጊዜ ቃሉ ለሻጩ አልጠቀመውም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን መሰከረለት። እንግዲህ ባለ ጉዳይ በፊትዎ ቆሞ ቃሉን ሲሰጥ፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልዎትም፤ ስሙን፣ ቀኑንና የተናገረውን ሳያጐድሉ ይጻፉለት። የመዝገብ ቤቱንም አሮጌ ወረቀት ለማቃጠል ወይም ለመጠቅለያ ለመስጠት ሲታሰብ ቢያዩ፤ በውስጡ የማን ቃል እንዳለ ሳይመረመር እንዳይወጣ ያሳስቡ።